በብርጭቆ የተሸፈነ ብር፤ የዶቃ ሠሪዎቹ ታሪክ



ስለ ኢስላማዊው ሥልጣኔ ሲወሳ አብዛኛውን ጊዜ የምናነሳው የሐኪሞችን፣ የሒሳብ ሊቃውንትንና የከዋክብት ተመራማሪዎችን ስም ነው። ዛሬ ግን ስማቸው ሳይመዘገብ ስለቀረ ሰዎች ልናወጋችሁ ወደናል። እነዚህ ሰዎች ዶቃ ሠሪዎች ናቸው። «ዶቃም ታሪክ አለው እንዴ?» የምትሉን አትጠፉም። አለው፤ ያውም ከመካከለኛው ምሥራቅ ተነስቶ እስከ ሰሜን ባሕር ዳርቻ የሚዘልቅ።

ከሥራው እንጀምር። አንዳንድ የብርጭቆ ዶቃ ወደ ብርሃን ሲያዞሩት ከውስጡ እንደ ዓሣ ቅርፊት ብልጭ ይላል። የሚያበራው ብርጭቆው ሳይሆን በሁለት ድርብ ብርጭቆ መሐል የተኛ፣ እንደ ወረቀት የሳሳ ብር ነው። ብር ስንል ገንዘቡን ሳይሆን ማዕድኑን ማለታችን ነው። ዛሬ ይህን ሙያ በእጃቸው የሚሠሩ ሰዎች የብርጭቆ ዘንግ በጋዝ ነበልባል ያቀልጡና የሸክላ ጭቃ በተቀባ ቀጭን ብረት ላይ ይጠቀልሉታል። ጭቃው የሚቀባው ዶቃው ሲያልቅ ከብረቱ እንዲላቀቅ ነው። ድሮ በጋዙ ፋንታ የኩራዝ ነበልባል በወናፍ እየተነፋ ይሠራበት ነበር። ብርጭቆው ገና ትኩስ ሳለ በስሱ ብር ላይ ያንከባልሉታል፤ ብሩ ሲጣበቅ አሽተው ያስተካክሉትና ወዲያው ንጹሕ ብርጭቆ ከላይ ያለብሱታል። እዚህ ላይ መዘግየት ሥራውን ያበላሻል። ብር የሚቀልጠው በ961 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው፤ ነበልባሉ ደግሞ ከዚያ ይበልጥ ይሞቃል። ሽፋን ያላገኘ ብር ተሰብስቦ የጤዛ ጠብታ ይመስላል፤ አለያም ወደ ብርጭቆው ዘልቆ ቢጫ ያደርገዋል። ዶቃው ካለቀ በኋላም በእቶን ውስጥ ቀስ እያለ ካልበረደ ይሰነጠቃል። በደንብ ከተሸፈነ ግን አየር አያገኘውም። እቤት ያስቀመጥነው የብር ጌጥ ሲጠቁር፣ ይህኛው ሽፋኑ እስካልተሰበረ ድረስ እንዳበራ ይኖራል።

የጥንቶቹ ሠሪዎች አሠራር ከዚህ ይለይ ነበር። ከቀለጠ ብርጭቆ ቀጭን ቱቦ ይስባሉ፤ ቱቦውን በስስ ብር ወይም በስስ ወርቅ ይጠቀልሉና በሌላ ቱቦ ይሸፍኑታል። ከዚያ አሙቀው ቦይ ቦይ በወጣለት ድንጋይ ላይ ያንከባልሉታል። ቱቦው በየቦዩ እየተቆነጠጠ የዶቃ ሰንሰለት ይሆናል፤ ሲበርድ በየአንገቱ ይሰበራል። በአንድ ጊዜ ብዙ ዶቃ ይወጣል ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስተካከል አለብን። አንዳንድ ወገኖች በፍቅር ብዛት ማንኛውንም ጥበብ «ሙስሊሞች የፈለሰፉት ነው» ሲሉ እንሰማለን። ይህኛውን እኛ አልፈለሰፍነውም። በሮድስ ደሴት ከክርስቶስ ልደት በፊት የተሠሩ እንዲህ ዓይነት ዶቃዎች ከነጥሬ ዕቃቸው ተገኝተዋል። በእስክንድርያም ኮም አል ዲካ በተባለው ሥፍራ ከ5ኛው እስከ 7ኛው ክፍለ ዘመን ዶቃ ይሠራባቸው የነበሩ ዎርክሾፖችና ቦይ ያላቸው ድንጋዮች ተቆፍረው ወጥተዋል። የግብፅ ብርጭቆ ለእኛም አካባቢ እንግዳ አልነበረም፤ በ1ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈው የቀይ ባሕር የንግድ መግለጫ ወደ አዱሊስ ወደብ ይገቡ ከነበሩት ሸቀጦች መካከል ልዩ ልዩ የብርጭቆ ዕቃዎችን ይጠቅሳል። እስክንድርያ እ.ኤ.አ. በ642 በሙስሊሞች እጅ ስትገባ ሙያው ቀድሞ የነበረ ነው። የሙስሊሞቹ ውለታ የተረከቡትን ጥበብ ጠብቀው፣ አስፋፍተው፣ ከዚያ በፊት ደርሶበት በማያውቀው መጠን ወደ ሩቅ አገር መላካቸው ነው። ይህም ትንሽ ነገር አይደለም።

ብርጭቆ አሸዋ ብቻውን አይሆንም፤ አሸዋውን የሚያቀልጥ ጨው ይፈልጋል። ለብዙ መቶ ዓመታት ይህ ጨው የሚመጣው ከግብፁ ዋዲ ናጥሩን ነበር። በ9ኛው ክፍለ ዘመን ግን አቅርቦቱ ሲመናመን የሻም ብርጭቆ አቅላጮች በበረሃ የሚበቅሉ ጨዋማ ዕፅዋትን እያቃጠሉ አመዳቸውን መጠቀም ጀመሩ። ኸሊፋ ሃሩን አል ረሺድ እ.ኤ.አ. በ796 መቀመጫቸው ባደረጓት በረቃ ከተማ «ተል ዙጃጅ»፣ ማለትም የብርጭቆ ኮረብታ፣ በተባለው ቦታ የዚያ ዘመን እቶኖች ተገኝተዋል። አመዱ በብርጭቆው ውስጥ የራሱን ምልክት ይተዋል፤ ማግኒዚየሙና ፖታሲየሙ ከፍ ይላል። የዛሬ ተመራማሪዎች የአንድን ዶቃ ትውልድ የሚያውቁበት አንዱ መንገድ ይኸው ነው።

አሁን ወደ ሰሜን እንሻገር። በዴንማርክ ሪቤ የምትባል ጥንታዊ የንግድ ከተማ አለች። የአገሬው ዶቃ ሠሪዎች ከሮማውያን ሕንፃዎች የተነቀሉ ባለ ቀለም የብርጭቆ ጠጠሮችን እያቀለጡ ይሠሩ ነበር። ከዚያ በአንድ ወቅት ከመካከለኛው ምሥራቅ የመጣ ዶቃ ገበያውን አጥለቀለቀው፤ የአገሬው ሥራም እያነሰ ሄደ። መቼ? እ.ኤ.አ. በ775 ከሕዋ የመጣ ኃይለኛ ጨረር በዓለም ዙሪያ በዛፎች የዕድገት ቀለበት ላይ አሻራውን ትቶ ነበር። በሪቤ የተቆፈሩ ተመራማሪዎች ይህን አሻራ መነሻ አድርገው የዶቃውን መምጣት በ790 ገደማ፣ አሥር ዓመት ወዲህ ወይም ወዲያ፣ መሆኑን አስልተዋል። 790 ማለት 174 ዓመተ ሒጅራ ገደማ፣ ሃሩን አል ረሺድ የነገሡበት ዘመን ነው። በስዊድን ቢርካ በተቆፈሩ መቃብሮችም ብርና ወርቅ የለበሱ ዶቃዎች ከሴቶች አንገት ጌጥ ጋር ተገኝተዋል።

የሰሜን ሰዎች ለዶቃ ያላቸውን ፍቅር በዓይኑ ያየ ሙስሊምም አለ። አሕመድ ኢብን ፈድላን በ309 ዓመተ ሒጅራ (እ.ኤ.አ. 921) ከኸሊፋው ከአል ሙቅተዲር መልእክተኞች ጋር ከባግዳድ ተነስቶ በቀጣዩ ዓመት በቮልጋ ወንዝ ዳር ከሚኖሩት ቡልጋሮች ዘንድ ደረሰ። እዚያ ያገኛቸው የሩስ ነጋዴዎች አረንጓዴ ዶቃ ከጌጥ ሁሉ አብልጠው እንደሚወዱ፣ አንዱን ዶቃ በአንድ ዲርሃም እስከመግዛት እንደሚደርሱ ጽፏል። እሱ የጻፈው ስለ አረንጓዴው እንጂ ብር ስለለበሰው አይደለም። ሆኖም ሒሳቡን አስቡት። አንድ ዲርሃም ሦስት ግራም ገደማ ንጹሕ ብር ነው። ያ ብር የሚሊሜትር መቶኛ እስኪሆን ቢቀጠቀጥ ከሁለት መቶ በላይ ትናንሽ ዶቃዎችን ይሸፍናል። በስዊድኗ ጎትላንድ ደሴት በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የዐረብ ዲርሃሞች ከመሬት መውጣታቸው የዚያን ንግድ ስፋት ያሳያል።

ከእነዚህ ዶቃዎች መካከል ወርቅ የሚመስሉት ብዙዎቹ ወርቅ የለባቸውም። ከሥር ያለው ብር ነው፤ ከላይ የለበሰው ብርጭቆ የማር ቀለም አለው። ብሩ በቢጫው ውስጥ ሲያበራ ወርቅ ይመስላል። ታዲያ ይህ ማጭበርበር ነው? በገበያ ላይ የሚዛንና የሸቀጥ ተቆጣጣሪ፣ ሙሕተሲብ፣ በነበረበት ሥልጣኔ ይህ የሚጠየቅ ጥያቄ ነው። በእኛ አስተያየት ፍርዱ በሻጩ አፍ ላይ የተንጠለጠለ ነው። «ወርቅ ነው» ብሎ ከሸጠ አታሏል። ዶቃ ብሎ በዶቃ ዋጋ ከሸጠ ግን ገዢው ያገኘው ያየውን ውበት ነውና ነውር አናይበትም። ሠሪው ብርና ብርጭቆ ሲገናኙ ምን እንደሚሆን ጠንቅቆ ያውቅ ነበር።

ያው ዕውቀት በፉስጧጥ ሌላ መልክ ያዘ። በዶቃ ላይ እንደ ጥፋት የሚቆጠረውን፣ ብር ብርጭቆን ማቅለሙን፣ የግብፅ ባለሙያዎች ሥዕል አደረጉት። ብርና መዳብ ያለበት ውህድ በብርጭቆ ላይ ቀብተው መልሰው ሲያሞቁት ከላይ የማይፋቅ ቢጫና ቡናማ ቀለም ይሰጣል። በካይሮ የኢስላማዊ ጥበብ ሙዚየም በዚህ ዘዴ የተሣለ ጽዋ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ773 ግብፅን ለጥቂት ጊዜ ያስተዳደሩት የዐብደል ሰመድ ኢብን ዐሊ ስም ተጽፎበታል። የሠሪው ስም የለበትም።