በቡጢ የተመታ ዜማ

(በራዲዮ የተነገረ)



ከጥቂት ጊዜ በፊት በድምፅ መቅረጫ ክፍል ተቀምጬ ሳለሁ፥ አንድ የሥራ ጓደኛዬ የተቀረጸ ድምፅ ከፈተልኝና «ይህ ምን ይመስልሃል?» ሲል ጠየቀኝ። ድምፁ ፈጣን ነበር፤ ሦስት ሦስት እየሆነ ይንከባለላል፥ አንዳንድ ጊዜ ይጠድፋል፥ አንዳንድ ጊዜም ረጋ ይላል። ጥቂት ካዳመጥሁ በኋላ፥ «ከበሮ ነው፤ የሚመታውም ሰው ሥራውን ያወቀ ነው» ብዬ መለስሁ። ጓደኛዬ ሣቀ። ለካ ነገሩ ከበሮ አልነበረም፤ አንድ ቦክሰኛ በአየር የተነፋች ትንሽ የቆዳ ከረጢት በቡጢ ሲመታ የተቀዳ ድምፅ ነበር። በድምፅ ሥራ እንጀራውን የሚበላ ሰው በድምፅ በመሳሳቱ ጥቂት ዐፈርሁ። ኋላ ግን ነገሩን ስመረምር፥ ከመቶ ዓመት በፊት በአሜሪካ ቲያትር ቤቶች ገንዘባቸውን ከፍለው የገቡ ብዙ ሰዎች ይህንኑ ድምፅ ከኦርኬስትራ ጋራ እንደ ሙዚቃ ቈጥረው ያጨበጭቡለት እንደ ነበረ ተረዳሁና ተጽናናሁ። ዛሬ የማጫውታችሁ የዚህን የተረሳ ጨዋታ ታሪክ ነው። ዘመኑን የምቈጥረው እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር መሆኑን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

በመጀመሪያ ዕቃዋን እንወቃት። ከረጢቷ አንገቷን ወደ ላይ አድርገው የሰቀሏት ትንሽ ቅል ትመስላለች፤ ከላይ ቀጠን፥ ከታች ወፈር ያለች ናት። ከሰው ራስ ከፍ ብሎ በአግድም ከተሠራ ሳንቃ በታች፥ ወደ ፈለገችበት በሚያዞራት ብረት ትንጠለጠላለች። ቡጢ ሲያርፍባት ሄዳ የሳንቃውን የወዲያ ወገን ትመታለች፤ ተመልሳ የወዲህኛውን ትመታለች፤ እንደገና ሄዳ የወዲያኛውን ትመታለች፤ ከዚህ በኋላ ወደ መቺው ስትመጣ ሁለተኛው ቡጢ ይቀበላታል። ስለዚህ እጁ አንድ ጊዜ በሰነዘረ ቁጥር ሳንቃው ሦስት ጊዜ ይጮኻል ማለት ነው። እኔን ያሳሳተኝም ይኸው ሦስት ምት ነው። መቺው ከረጢቷን ሦስት ጊዜ ሳይጠብቅ በመጀመሪያው ምላሽ ከተቀበላት ድምፁ ጥድፊያ ይሆናል፤ በክርኑ ከኋላዋ ሲመታት ደግሞ አቈጣጠሩ ይለወጣል። እንዲህ እያደረገ ምቱን እንደ ዜማው ያረዝመዋል፥ ያሳጥረዋል።

ጀማሪ ሰው ከረጢቷን በሙሉ ኀይሉ ይመታታል፤ እርሷም ወይ ትሸሸዋለች፥ ወይም ተመልሳ አፍንጫውን ትለዋለች። የምትፈልገው ጉልበት ሳይሆን ጊዜን ማወቅ ነውና። የሠለጠነው መቺ ዐይኑ ሊከተላት ስለማይችል በጆሮው ይጠብቃታል። በየመሥሪያ ቤቱ የጽሕፈት መኪና በሚሰማበት ዘመን ያገለገላችሁ አንባብያን ይህ ነገር እንግዳ አይሆንባችሁም፤ በወዲያኛው ክፍል የሚጽፈው ማን እንደ ሆነ፥ ልቡም በሥራው ላይ መሆኑንና አለመሆኑን ከድምፁ ብቻ ታውቁት ነበር።

አሁን የሚነሣው ጥያቄ፥ ይህ የልምምድ ዕቃ ከቦክሰኛው ቤት ወጥቶ ወደ ቲያትር መድረክ እንዴት ደረሰ የሚለው ነው። ዋናው ምክንያት ሕግ ነው። በዐሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ በአሜሪካ በአብዛኞቹ ክፍላተ ሀገር ለገንዘብ መቧቀስ የተከለከለ ነበር። የኒው ዮርክ ክፍለ ሀገር በ1896 ፈቀደ፥ በ1900 መልሶ ከለከለ፤ በ1911 እንደገና ፈቀደ፥ በ1917 ደግሞ አስቀረ፤ ነገሩ የጸናው በ1920 በወጣው ሕግ ነው። ኔቫዳ የምትባለው ክፍለ ሀገር በ1897 የፈቀደችው አንድን ታላቅ ግጥሚያ ወደ ምድሯ ለመሳብ ብላ ነበር። ስለዚህ ስሙ በአገሩ ሁሉ የታወቀ ቦክሰኛ፥ ሙያውን በገመድ በታጠረው ሜዳ ቢያሳይ ፖሊስ ሊይዘው ይችል ነበር። የቆዳ ከረጢት መምታትን የሚከለክል ሕግ ግን የትም አልተጻፈም።

በዚያው ዘመን ቮድቪል የሚባለው የቲያትር ዐይነት እያደገ ነበር። ቶኒ ፓስተር የተባለው ሰው በ1881 በኒው ዮርክ በዐሥራ አራተኛው መንገድ ላይ ቲያትር ከፍቶ፥ ባል ከሚስቱና ከልጆቹ ጋራ ሳያፍር የሚገባበት ጨዋታ አቋቋመ፤ በቦስተንም ቤንጃሚን ኪት ይህንኑ መንገድ አሰፋው። በአንድ ምሽት ዘፋኝ፥ ተረበኛ፥ የሠለጠነ ውሻ፥ በገመድ ላይ የሚሄድ ሰው፥ አስማተኛ ተራ በተራ ይቀርባሉ፤ ለእያንዳንዱ የሚሰጠው ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። ለእንዲህ ያለው መድረክ ከከረጢት መቺው የሚስማማ አልነበረም። ሳንቃውና ከረጢቱ በቀላሉ ይተከላል፤ ቋንቋ አይጠይቅም፤ ከዳር የተቀመጠውም ሰው ባያይ ይሰማል። ኦርኬስትራው የታወቀ ዜማ ሲያነሣ መቺው በዝግታ ይጀምርና፥ ከእጁ ወደ ክርኑ፥ ከክርኑ ወደ ራሱ ይሸጋገራል። የበለጠ የተካነው ብዙ ከረጢቶች በዙሪያው ሰቅሎ፥ እየዞረ ሁሉንም በአንድነት ያስጮኻቸው ነበር። አንዳንዱም በእግሩ ጭምር ይመታ ነበር።

በመድረክ ከታዩት ዝነኞች አንዱ ቦብ ፊትዝሲመንስ ነው። ይህ ሰው በእንግሊዝ ተወልዶ በኒው ዚላንድ ያደገ አንጥረኛ ነበር። በኔቫዳ በካርሰን ከተማ ማርች 17 ቀን 1897 የዓለምን ሻምፒዮንነት የወሰደው ከጀምስ ኮርቤት ላይ ሲሆን፥ ኮርቤት ደግሞ ወደ ቡጢ ከመግባቱ በፊት በሳን ፍራንሲስኮ የባንክ ጸሐፊ ነበረ። (ከእናንተ መካከል ወንበሩ የጠበበው ሰው ቢኖር ይህን ልብ ይበል፤ ነገር ግን እኔ መከርሁት እንዳይል።) ፊትዝሲመንስ በቲያትር ሲቀርብ ከረጢት መምታቱ አልበቃ ብሎት፥ መስፍ አስተክሎ በተመልካች ፊት የፈረስ ጫማ ይቀጠቅጥ ነበር። መዶሻ በመስፍ ላይ፥ ቡጢ በከረጢት ላይ፤ ሁለቱም የምት ሥራ ነውና ሰውየው ከሙያው አልራቀም።

ይህን ጨዋታ ካስፋፉት መካከል «ፖሊስ ጋዜት» የተባለው ሳምንታዊ ጋዜጣ ይገኛል። ጽጌረዳ ቀለም ባለው ወረቀት ይታተም የነበረና በየጠጕር አስተካካዩ ቤት የሚነበብ ነበር። ባለቤቱ ሪቻርድ ፎክስ ለማናቸውም ውድድር ሜዳልያና ቀበቶ መስጠት የሚወድ ሰው ስለ ነበረ፥ ከረጢት መቺዎችም ከስጦታው ደርሷቸዋል። በዚህ ረገድ ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው የሴቶች ነገር ነው። ሴት በቡጢ ሜዳ ትግባ ቢባል በዚያ ዘመን እንደ ነውር ይቈጠር ነበር፤ በከረጢት ፊት መቆሟን ግን ሕዝቡ በጭብጨባ ተቀበለው። ቤል ጎርደን የተባለችው ተጫዋች የዓለም የሴቶች ከረጢት መቺ ሻምፒዮን እየተባለች በቮድቪል መድረክ ትታወቅ ነበር። በ1901 ደግሞ የኤዲሰን የፊልም ድርጅት ጎርደን እየተባሉ የሚጠሩ ሁለት እኅትማማች ተጫዋቾች ጓንት አጥልቀው ሲጋጠሙ የሚያሳይ አጭር ፊልም አነሣ። ሴቶች በኦሊምፒክ ጨዋታ በቦክስ ለሜዳልያ የተወዳደሩት በ2012 በለንደን መሆኑን ስናስብ፥ የቲያትሩ በር ከሜዳው በር ምን ያህል ቀድሞ እንደ ተከፈተላቸው እንረዳለን። አከፋፈቱ ግን በጨዋታ ስም እንጂ በመብት ስም አልነበረም።

ይህ አስተያየት ወደ ጃክ ጆንሰን ያደርሰናል፤ ለእኔ የዚህ ታሪክ እምብርቱ እርሱ ነው። ጆንሰን በቴክሳስ በጋልቨስተን የተወለደ፥ ወላጆቹ በባርነት የነበሩ ጥቁር አሜሪካዊ ነው። ከእርሱ በፊት የነበሩት የከባድ ሚዛን ሻምፒዮኖች ማዕርጋቸውን ለመከላከል ከጥቁር ሰው ጋራ አንጋጠምም ይሉ ነበር። ጆንሰን የካናዳውን ተወላጅ ቶሚ በርንስን ከአገር አገር ተከታትሎ፥ በመጨረሻ በአውስትራልያ በሲድኒ ከተማ ዲሴምበር 26 ቀን 1908 አሸነፈውና የመጀመሪያው ጥቁር የከባድ ሚዛን የዓለም ሻምፒዮን ሆነ።

ወደ አሜሪካ ሲመለስ የቮድቪል ቤቶች ተሻሙበት። በመድረክ ላይ ከረጢት ይመታል፥ ከጥላው ጋራ እንደሚቧቀስ ሆኖ ይንቀሳቀሳል፥ ከተመልካቹ ጋራ ይቀልዳል። የጆንሰን አቧቃቀስ ከጥንቱም ጥድፊያ የሌለበት፥ የባላጋራውን ምት እየጠበቀ በጊዜው የሚመልስ ነበር፤ እንዲህ ያለ ሰው በከረጢት ፊት ሲቆም የሚሰማውን ድምፅ መገመት አያስቸግርም። ራሱም ሙዚቃ ወዳድ ሆኖ ትልቁን ባስ ቫዮሊን ይጫወት ነበር።

ነገር ግን ጁላይ 4 ቀን 1910 በሪኖ ከተማ፥ የነጮች ተስፋ ተብሎ ከዕረፍቱ የተጠራውን ጂም ጄፍሪስን ባሸነፈ ጊዜ፥ ወሬው በደረሰበት በብዙ ከተማ ሁከት ተነሣ፤ የሞቱትም አብዛኞቹ ጥቁሮች ነበሩ። የግጥሚያው ፊልም በብዙ ቦታ እንዳይታይ ተከለከለ። በ1912 የአሜሪካ ኮንግሬስ የቡጢ ግጥሚያ ፊልም ከአንዱ ክፍለ ሀገር ወደ ሌላው እንዳይጓዝ ሕግ አወጣ። ሕጉ የሁሉንም ግጥሚያ ፊልም ቢመለከትም፥ ያስቸኰለው የጆንሰን ድል ነበር፤ የተሻረውም በ1940 ነው። እንግዲህ ፍርዱን ለእናንተ እተዋለሁ፦ አንድ ጥቁር ሰው ከረጢት ሲመታ ለማየት ሰዎች ገንዘብ ከፍለው ይሰለፉ ነበር፤ ያው እጅ ነጭን ሰው ሲመታ የሚያሳየው ሥዕል ግን ድንበር እንዳይሻገር ታገደ።

ከረጢት መቺዎቹ ከመድረክ የወረዱት በአንድ ጀንበር አይደለም። በ1920 የኒው ዮርክ ሕግ ሲጸና ቦክሰኛው በገዛ ሜዳው በግልጽ ገንዘብ የሚያገኝ ሆነ። ቀጥሎ ተናጋሪ ፊልምና ራዲዮ መጡ። በኒው ዮርክ የቮድቪል ዋና ከተማ ይባል የነበረው ፓላስ ቲያትር በ1932 የፊልም ቤት ሆነ። ራዲዮ ከገዳዮቹ አንዱ መሆኑን የምመሰክረው የራዲዮ ደመወዝተኛ ሆኜ ሳለሁ ነው፤ ሕዝቡ ከቤቱ ሳይወጣ ዘፈን የሚሰማ ከሆነ፥ ስለ ከረጢት ብሎ በብርድ የሚሰለፍበት ምክንያት የለውም።

ከረጢቷ ወደ ልምምድ ቤት ተመለሰች፤ ሙዚቃው ግን ተከትሏት ገባ። ሹገር ሬይ ሮቢንሰን በልጅነቱ በኒው ዮርክ በብሮድዌይ አካባቢ ለሳንቲም ይጨፍር የነበረ ሰው ነው፤ ሻምፒዮን ከሆነም በኋላ ሸክላ አስከፍቶ፥ በሙዚቃው ምት ገመድ እየዘለለ፥ ከረጢት እየመታ ይለማመድ ነበር። በ1952 ቡጢ አቁሜአለሁ ብሎ በምሽት ክበብ የእግር ጭፈራ ማሳየት ጀመረ። እንደ ቡጢው ግን አልሆነለትም፤ ወደ ሜዳ ተመልሶ በ1955 የመካከለኛ ሚዛን ማዕርጉን ዳግመኛ ወሰደ። ከእርሱ በኋላ ሰኒ ሊስተን መጣ። በወኅኒ ቤት ሳለ ቡጢ የተማረ፥ ማንበብና መጻፍ የማያውቅ፥ ጋዜጠኞች ፊቱን ብቻ አይተው የሚፈሩት ሰው ነበር። ልምምዱን ሊያዩ የመጡ ሰዎች ግን ያ ግዙፍ ሰውነት «የሌሊት ባቡር» በተባለው የጂሚ ፎረስት ሙዚቃ፥ ሸክላው ሲያልቅ እንደገና እያስጀመረ፥ እንደ ላባ ቀሎ ገመድ ሲዘል ያዩ ነበር። በ1962 ሻምፒዮን ሆነ፤ በ1964 ደግሞ ማዕርጉን ለወጣቱ ካሲየስ ክሌይ፥ ኋላ መሐመድ ዓሊ ለተባለው፥ አስረከበ።

ከሙዚቀኞቹ ወገንም ወደ ቡጢ የመጣ አለ። መለከተኛው ማይልስ ዴቪስ ለሮቢንሰን ታላቅ አድናቆት ስለ ነበረው፥ ራሱ ወደ ልምምድ ቤት እየሄደ ቡጢ ተማረ፤ ለብዙ ዓመትም አልተወውም። ስለ ጃክ ጆንሰን ለተሠራ ፊልም ሙዚቃ እንዲያዘጋጅ በተጠየቀ ጊዜ የቀዳው ሥራ በ1971 በሸክላ ወጣ። ጆንሰን በመኪና አደጋ ከሞተ ያን ጊዜ ሃያ አምስት ዓመት ሆኖት ነበር። ያ ጓደኛዬ ይህንንም ሸክላ ከፍቶልኝ፥ ከበሮው ሲጀምር ፊቴን እያየ ዝም አለ። እኔም በዚህ ጊዜ ለመመለስ አልቸኰልሁም።