ረሃብ መድኃኒት የነበረ ጊዜ

አክስቴ የምትኖረው ወላይታ ሶዶ፣ ከዳሞት ተራራ ግርጌ ነው። ስኳር በሽታ እንዳለባት ካወቀች ዓመታት አልፈዋል። ባለፈው ዓመት ሐኪሟ «ትንሽ ክብደት ቢቀንሱ ጥሩ ነው» አላት። እሺ ብላ ቁርስ ተወች፤ ምሳዋን በግማሽ ቀነሰች፤ ስኳር ድንችንማ በስሙ ብቻ ጠልታ ከቤት አስወጣችው። ያልቀነሰችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ግሊቤንክላማይድ የሚባለውን ኪኒኗን።

እኔ ለእረፍት ሄጄ ሳለሁ አንድ ቀን ጠዋት ቡና እየወቀጠች እጇ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ላብ አጠመቃት። «እትዬ!» ብዬ ስጠራት እንደማታውቀኝ አፈጠጠችብኝ። ጎረቤት ተሰበሰበ። አንዷ ጸሎት ጀመረች፤ ሌላዋ «ደም ግፊት ነው» አለች። የሰፈራችን ነርስ ደርሳ ስኳር በውሃ በጥብጣ ስታጠጣት «ለስኳር በሽተኛ ስኳር?!» ብዬ የጮኽኩት እኔ ነበርኩ። ትንሽ ቆይታ አክስቴ ዙሪያዋን አየችና «ምነው እንደ ለቅሶ ቤት ተሰበሰባችሁ?» አለች።

አዲስ አበባ ከተመለስኩ በኋላም ነገሩ አልለቀቀኝም። ጋዜጠኝነት ሲያስተምሩን «ለምን ብላችሁ ጠይቁ» ይሉን አልነበር? ጠየቅኩ። መልሱ ከመቶ ዓመት በላይ ወደኋላ ወሰደኝ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በፈረንጆቹ ናቸው።)

ኢንሱሊን ከመገኘቱ በፊት ስኳር በሽታ በተለይ ለልጆች የሞት ፍርድ ነበር። በ1910ዎቹ ፍሬድሪክ አለን የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ታማሚዎቹን በማስራብ ያክም ነበር። ምግብ ሲቀንስ በደም ውስጥ ያለው ስኳርም ይወርዳል፤ ዕድሜያቸው በወራት፣ ቢበዛ በጥቂት ዓመታት ይራዘማል። ግን አጥንትና ቆዳ ሆነው ነው። ከስኳር ያመለጠውን ረሃቡ ይወስደው ነበር።

በ1921 ቶሮንቶ ውስጥ ፍሬድሪክ ባንቲንግና ቻርልስ ቤስት ኢንሱሊንን አገኙ። በጥር 1922 ሊዮናርድ ቶምፕሰን የተባለ የ14 ዓመት ልጅ የመጀመሪያውን መርፌ ተወጋ። ዓለም ተደሰተ። እዚያው ቤተ ሙከራ ውስጥ ግን ጄምስ ኮሊፕ ሌላ ነገር አየ። ኢንሱሊን የተወጉ ጥንቸሎች ይንቀጠቀጣሉ፣ ይወድቃሉ፤ ስኳር ሲሰጣቸው ደግሞ ይነሳሉ። ልክ እንደ አክስቴ! ስኳርን የሚያወርደው መድኃኒት ከልክ በላይም ሊያወርደው እንደሚችል ገና ከጅምሩ ታውቋል ማለት ነው።

የኪኒኑ ታሪክ ደግሞ ይብሳል። በ1942፣ ጦርነቱ መሃል፣ ማርሴል ዣንቦን የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም ሞንፔሊዬ ከተማ ውስጥ የታይፎይድ ታማሚዎችን በአዲስ መድኃኒት ሲያክም አንዳንዶቹ ራሳቸውን ሳቱ። ስኳራቸው ወርዶ ነበር። የሥራ ባልደረባው ኦጉስት ሉባቲዬር ጉዳዩን ተከታትሎ አጠናው፤ ግሊቤንክላማይድ የሚገኝበት የኪኒን ቤተሰብ የመጣው ከዚያ ነው። እነዚህ ኪኒኖች ጣፊያ አጠገብ ያለውን ቆሽት ኢንሱሊን እንዲያመነጭ ያስገድዱታል። ባለቤቷ ቁርስ በልታለች ወይስ አልበላችም ብለው አይጠይቁም። ሜትፎርሚን ብቻውን ሲወሰድ ግን ስኳርን እስከዚህ የሚያወርደው ከስንት አንዴ ነው።

ረሃብ ወደ ሕክምናው ዓለም በቅርቡ ተመልሷል። በ2017 መጨረሻ ይፋ የሆነ የእንግሊዝና የስኮትላንድ ጥናት ሁለተኛው ዓይነት ስኳር ያለባቸውን ሰዎች ለጥቂት ወራት በጣም አነስተኛ ምግብ ሰጥቶ ክብደት አስቀነሳቸው። ከዓመት በኋላ 46 በመቶ የሚሆኑት ያለ መድኃኒት ስኳራቸው ከበሽታው ልክ በታች ሆነ። ደስ ይላል አይደል? ግን ልብ በሉ፤ ኢንሱሊን የሚወጉ ሰዎች አልተካተቱም፤ የስኳር ኪኒኑም በመጀመሪያው ቀን በሐኪም እንዲቆም ተደርጓል። አክስቴ የጎደላት ይቺ ነበረች። ምግብ ሲቀነስ መድኃኒቱም በሐኪም ይከለሳል።

«ሲያንቀጠቅጥሽ ለምን ዝም አልሽ?» ብዬ ጠየቅኳት። «ረሃብ መስሎኝ ነዋ! ረሃብን መቻል ለኛ አዲስ ነው እንዴ?» አለችኝ። አክስቴ በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ ልጅ ነበረች። በ1992ም ወላይታ ስትራብ የራሷን ልጆች ይዛ አይታዋለች። መንቀጥቀጡን ክብደቷ የመቀነሱ ምልክት አድርጋ ነው የወሰደችው። ያደገችበት ጥንካሬ ሊገድላት ነበር።

ሌላም ነገር አለ። ስኳር ያለበት ሁሉ ወፍራም አይደለም። በገጠር ኢትዮጵያ ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸው ብዙ ቀጫጭን ታማሚዎች ስለመኖራቸው የጎንደር ሐኪሞች በ2009 ጽፈው፣ ከምግብ እጥረት ጋር ያለው ዝምድና እንደገና እንዲታይ ጠይቀዋል። በ2025 ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘውን ስኳር «አምስተኛው ዓይነት» ብሎ ተቀብሎታል። ለእነዚህ ሰዎች «ክብደት ቀንሱ» ማለት ጉዳት ነው።

እናንተም ቤት እናት፣ አባት፣ አክስት ይኖራሉና ይቺን ያዙ። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ መደናበር ካያችሁ ወይም ልኬቱ ከ70 በታች ከሆነ ከ3 እስከ 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጣችሁ አጠጡ። ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ለኩ፤ ካልተሻለ ድገሙ፤ ከዚያ ምግብ ስጡ። ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ ግን ምንም አትጨምሩ፤ ወደ ጤና ተቋም ሩጡ። ኪኒኑ ሰውነት ውስጥ ስለሚቆይ ስኳሩ ተመልሶ ሊወርድ ይችላል፤ ስለዚህ የተሻለውም ቢሆን በዚያው ቀን ይታይ።

የአክስቴ ኪኒን ተስተካክሏል። ቁርሷን ትበላለች፤ ክብደቷም ቀስ እያለ እየቀነሰ ነው። ለጊፋታ ስደውልላት በመቀነቷ ጫፍ ስኳር ቋጥራ ቅቤ የበዛበት ገበታ ፊት መቀመጧን ነገረችኝ። «ትንሽ ብቻ ነው የምቀምሰው» አለች። እኔ ግን ያቺን «ትንሽ» አውቃታለሁ!