የጠራ ውሃ ያታልላል፦ የባሕር ዓሣ ገንዳና የመመርመሪያ ጠርሙሶቹ ታሪክ

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይላል የአማርኛ ተረት። የተተረተው ለወንዝ ቢሆንም፣ ቤቱ ውስጥ በመስታወት ሳጥን የባሕር ዓሣ ለሚያኖር ሰውም ከዚህ የተሻለ ማስጠንቀቂያ አይገኝም። አዲስ የተሞላ የጨው ውሃ ገንዳ ኩልል ብሎ ጠርቶ፣ ብርሃኑ እስከ አሸዋው ዘልቆ እያማረ ሳለ ዓሣው ሊሞት ይችላል። ገዳዩ አሞኒያ ነው። አሞኒያ በውሃ ውስጥ ቀለም የለውም፤ ዓሣ በሚገድልበት መጠን በሰው አፍንጫም አይታወቅም። ስለዚህ ገንዳ ያለው ሰው ዓይኑን ማመን ትቶ ጠብታ ማመን ይኖርበታል። ችግሩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ መደርደሪያው ላይ ከተደረደሩት የመመርመሪያ ኪቶች የትኛውን ይግዛ? መልሱ ያለው በአብዛኛው ጠርሙሶቹ በመጡበት ታሪክ ውስጥ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1832 ፈረንሳዊቷ ዣን ቪልፕረ-ፓወር በሲሲሊ ደሴት፣ መሲና ከተማ፣ አርጎናውት የተባለውን የኦክቶፐስ ዘመድ በሕይወት እያለ ለማጥናት የመስታወት ሳጥን አሠራች። የጊዜው ክርክር እንስሳው ቅርፊቱን ራሱ ይሠራዋል ወይስ ከሌላ ይቀማል የሚል ነበር፤ ራሱ እንደሚሠራው አሳየች። እሷ ባሕሩ ደጇ ነበር። ለንደን የነበረችው አና ቲን ግን በ1846 ከቶርኪ የባሕር ዳርቻ ያመጣቻቸውን ኮራሎች በሕይወት ለማቆየት ሌላ መላ መፈለግ ነበረባት። በተከፈተ መስኮት ፊት ውሃው ከዕቃ ወደ ዕቃ እየተገለበጠ አየር እንዲያገኝ ታደርግ ነበር፤ የመገልበጡ ድካምም በአብዛኛው የቤት ሠራተኛዋ ነበር። ሁለቱም ሴቶች ውሃው ውስጥ ምን እንዳለ የሚለኩበት ነገር አልነበራቸውም።

በ1850 የለንደኑ ኬሚስት ሮበርት ዋሪንግተን ለኬሚስቶች ማኅበር ባቀረበው ጽሑፍ ነገሩን ወደ ንድፈ ሐሳብ አሳደገው። ዓሣ፣ የውሃ ተክልና ቀንድ አውጣ በአንድ ዕቃ ቢቀመጡ ዓሣው የሚያስወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተክሉ ይወስዳል፤ ተክሉ ኦክሲጅን ይሰጣል፤ ቀንድ አውጣው የበሰበሰውን ይበላል። ይህ ሚዛን የሚባለው ሐሳብ ውብ ነበር፤ ትንሽ ፍጥረተ ዓለም በጠረጴዛ ላይ ይታይበታል። ሆኖም ሙሉ አልነበረም። የሚተነፈሰውን አየር ቆጠረ እንጂ ከዓሣው ሰውነት የሚወጣውን አሞኒያ አልቆጠረም።

ሐሳቡን ወደ ሕዝብ ያወጣው ፊሊፕ ሄንሪ ጎስ ነው። በ1853 በለንደን የእንስሳት ማቆያ የመጀመሪያው የሕዝብ ዓሣ ቤት ተከፈተ፤ በዓመቱ ደግሞ ጎስ ባሳተመው መጽሐፍ «አኳሪየም» የሚለውን ቃል በሰው አፍ አስገባው። ከባሕር ለራቁትም የሰው ሠራሽ የባሕር ውሃ ቀመር አወጣ። ቀመሩ የገበታ ጨውን ጨምሮ አራት ጨዎች ብቻ ነበሩት። ከባሕር ውሃ ትንታኔ ውስጥ ጥቂት የመሰሉትን፣ ኖራን ጭምር፣ ተዋቸው። የተወው ኖራ ግን ኮራል አጥንቱን የሚሠራበት ካልሲየም ነው። ዓይን ጥቂት ያለው ነገር ለሌላው ፍጥረት ቤቱ እንደሆነ የታወቀው በኋላ ነው።

የጎስ መጻሕፍት ያስከተሉት ሌላም ነገር አለ። መጽሐፉን ያነበበው የከተማ ሰው ባልዲና መዶሻ ይዞ ወደ ደቡብ እንግሊዝ የባሕር ዳርቻ ወረደ። ልጁ ኤድመንድ ጎስ በ1907 ባሳተመው «አባትና ልጅ» በተባለው የትዝታ መጽሐፉ፣ በድንጋዮቹ መካከል የነበሩት ኩሬዎች በእነዚህ ሰብሳቢዎች እንዴት እንደተራቆቱ በሐዘን ጽፏል፤ አባቱም ይህን ማየቱ እጅግ እንዳሳዘነው ይናገራል። የባሕሩን ፍቅር ያስተማረው መጽሐፍ የባሕሩን ዳር አስዘረፈ። በሳጥን ውስጥ የሞተ ሁሉ ይተካ ስለነበር ያለማወቅ ዋጋ የሚከፈለው ከባሕሩ ነበር።

መለካት የተቻለው ቀስ በቀስ ነው። በ1856 ዩሊዩስ ኔስለር አሞኒያ ሲነካው ቢጫ የሚሆን ፈሳሽ አገኘ። በ1879 ፔተር ግሪስ ናይትራይትን በቀይ ቀለም የሚያሳይ ምርመራ አወጣ፤ ግሪስ በእንግሊዝ በርተን ከተማ የቢራ ፋብሪካ ኬሚስት ነበር። በ1909 የፒኤች መለኪያን ያስተዋወቀው ሶረንሰንም በኮፐንሃገን የካርልስበርግ ቢራ ላቦራቶሪ ይሠራ ነበር። እንግዲህ ዛሬ በአንድ ካርቶን ታሽገው ከሚሸጡት ጠርሙሶች ሁለቱ የዘር ሐረጋቸው ቢራ ቤት ይደርሳል።

በመካከሉ የጎደለው የሚዛኑ ግማሽ ተገኘ። በ1877 ሽሎሲንግና ሙንትስ የተባሉ ፈረንሳውያን የቆሻሻ ውሃን በአሸዋ ውስጥ ሲያሳልፉ ከቀናት በኋላ አሞኒያው ወደ ናይትሬት ተለወጠ፤ ክሎሮፎርም ሲጨምሩበት ሥራው ቆመ። በሌላ አነጋገር ሥራውን የሚሠራው ሕይወት ያለው ነገር ነው። በ1890 ገደማ ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ ባክቴሪያዎቹን ለይቶ አወጣቸው። አንዱ ወገን አሞኒያን ወደ ናይትራይት፣ ሌላው ናይትራይትን ወደ ናይትሬት ይለውጣል። አዲስ ገንዳ ዓሣ የሚገድለው እነዚህ ሠራተኞች ገና ስላልተራቡ ነው።

ስለ ጨው ያለው ታሪክ ደግሞ ሌላ ትምህርት ይሰጣል። ዴንማርካዊው ፎርክሃመር በ1865፣ ቀጥሎም ዊሊያም ዲትማር በ1884 የባሕር ውሃን ተነተኑ። ዲትማር የመረመረው ቻሌንጀር የተባለችው መርከብ ከ1872 እስከ 1876 ዓለምን ስትዞር የቀዳቻቸውን 77 ናሙናዎች ነበር። ውጤቱ የሚያስደንቅ ነው፤ ውቅያኖሱ አንዱ ጋ ጨዋማ፣ ሌላው ጋ ቀለል ያለ ቢሆንም በውስጡ ያሉት ዋና ዋና ጨዎች እርስ በርስ ያላቸው ድርሻ አይለወጥም ማለት ይቻላል። በባሕር ላይ አንዱን የለካ ሁሉን አወቀ። በሳጥን ውስጥ ግን ይህ ሕግ ይፈርሳል። ኮራሉ ካልሲየሙን ይበላል፣ ጨዋማነቱ ግን ባለበት ይቆያል። ስለዚህ የጨው መለኪያው «35» እያለ ኮራሉ ይራባል። ብዙ መመርመሪያ የሚያስፈልገው ገንዳው ትንሽ ስለሆነ ነው።

ይህን ይዞ ወደ መደርደሪያው የተመለሰ ሰው ምርጫው ይቀልለታል። የመጀመሪያው መሣሪያ የጨዋማነት መለኪያ ነው፤ እሱም መጠኑ በታወቀ ፈሳሽ እየተስተካከለ ይሠራል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከሁሉም የሚቀድመው የአሞኒያ ኪት ነው። ኔስለርን የተከተለው ዓይነት ሜርኩሪ አለበት፤ በጨው ውሃ ውስጥ ሊደፈርስ ይችላል፤ አሞኒያ የሚያስር መድኃኒት ከተጨመረ በኋላም ያሳስታል። በሳሊሲሌት የሚሠራውና አረንጓዴ የሚሰጠው ይመረጣል። ውጤቱ ሲነበብ ፒኤቹም ይታሰብ፤ ፒኤች በአንድ ሲጨምር መርዛማው የአሞኒያ ድርሻ ወደ አሥር እጥፍ ይጠጋል፤ የባሕር ውሃ ደግሞ 8.2 አካባቢ ነው።

ናይትራይት በጨው ውሃ ውስጥ ክሎራይዱ ዓሣውን ስለሚከላከልለት እንደ ጣፋጭ ውሃ አያስፈራም፤ የሚለካው ሁለተኛው ባክቴሪያ መድረሱን ለማወቅ ነው። የናይትሬት ኪት መጀመሪያ ናይትሬቱን ወደ ናይትራይት መልሶ በግሪስ ቀለም ስለሚያሳየው፣ ገንዳው ውስጥ ናይትራይት ካለ ቁጥሩን ያጋንናል። ጠርሙሱ በደንብ ካልተናወጠ ደግሞ የሚመልሰው ዱቄት ታች ይቀርና ቁጥሩ ይወርዳል። ዓሣ ብቻ ላለው ሰው የካልሲየም ኪት ትርፍ ወጪ ነው። ድንጋያማ ኮራል ላለው ግን አልካሊነትና ካልሲየም ግድ ናቸው። እነዚህ ጠብታ እየተቆጠረ ቀለሙ በድንገት የሚገለበጥባቸው በመሆናቸው፣ ሁለት ተቀራራቢ ቀለሞችን በካርድ ላይ ከማመሳሰል ይልቅ ይታመናሉ። የወረቀት መመርመሪያ ለቸኮለ ነው። የማንኛውም ኪት ጊዜው ካለፈበት ቁጥሩም አልፎበታል።

ለቀይ ባሕር ልጆች ይህ ታሪክ ሩቅ አይደለም። ከ1761 ጀምሮ በዴንማርክ ንጉሥ የተላከው ጉዞ አባል የነበረው ፎርስኮል በ1763 የመን ውስጥ ሲሞት፣ በ1775 የታተመው ሥራው የዓረብ ዓሣ አጥማጆችን ቃላት ለሳይንስ አቆየ፤ አቡደፍዱፍና ሶሃል የተባሉት ዓሦች ዛሬም በዚያው ስም ይጠራሉ። የእሱን ፈለግ የተከተለው ሄምፕሪክ በ1825 ምጽዋ ላይ ሞተ። በሰሜኑ ጨዋማነቱ 40 ከሚደርሰው ከዚያ ባሕር የወጣ ዓሣ ዛሬ በስቶክሆልም ወይም በዳላስ ሳሎን ውስጥ ይዋኛል። አመጣጡ ረጅም ነው፤ ቢሞት ምትኩ የሚመጣው ያው ከሪፉ ነው።

የጎስ ዘመን ሰዎች ክፉዎች አልነበሩም። የሚወዱትን ነገር የሚገድለውን አላዩም። ዛሬ የሚታይበት ጠብታ አለ፤ ዋጋውም ከአንድ ዓሣ ዋጋ ብዙ አይርቅም። ከባሕር የወጣ እንስሳ ቤቱ ያስገባ ሰው ውሃው ጠራልኝ ብሎ ቢቀመጥ ግን ባለማወቅ የሚያሳብብበት ዘመን አልፏል።