የግልግል ዳኝነትና የመንግሥት ሠራተኛ፤ ከኬንያ መምህራን ታሪክ የሚገኝ ትምህርት

በሀገራችን የቆየ ልማድ ሁለት ሰዎች በድንበር ወይም በውርስ ሲጣሉ ጉዳያቸውን ለሽማግሌዎች ያቀርባሉ፤ ሽማግሌዎቹም ነገሩን መርምረው ከመወሰናቸው በፊት ተከራካሪዎቹ ለውሳኔው እንዲገዙ ዋስ ያስጠራሉ። ስለዚህ ፍርዱ የሚጸናው በሽማግሌዎቹ ጥበብ ብቻ ሳይሆን አስቀድሞ በተጠራው ዋስ ጭምር ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ተከራካሪዎች ራሳቸው በመረጡት ሰው የሚሰጠውን ፍርድ የዘመድ ዳኝነት ብሎት ነበር፤ ዛሬ የግልግል ዳኝነት ይባላል።

ከተከራካሪዎቹ አንዱ መንግሥት በሆነ ጊዜ ግን ነገሩ ይከብዳል። መንግሥት አሠሪ ነው፤ ሕግ አውጪም ነው፤ የግምጃ ቤቱም ቁልፍ በእጁ ነው። የመንግሥት ሠራተኛ ሥራውን ቢያቆም ደግሞ በቅድሚያ የሚጎዳው ባለ ፋብሪካ ሳይሆን ተማሪው፥ በሽተኛውና ባለ ጉዳዩ ነው። እንግዲህ በዚህ ስፍራ ገላጋይ ከሌላው ሁሉ ይልቅ ያስፈልጋል፤ የገላጋይነቱም ሥራ ከሌላው ሁሉ ይልቅ አስቸጋሪ ነው። የጎረቤታችን የኬንያ መምህራን ታሪክ ይህን በግልጥ ያሳያል። (የኬንያው ዓመት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

በቅኝ ግዛት ዘመን የኬንያን መምህራን ይቀጥሩ የነበሩት ሚሲዮኖችና የየአካባቢው አስተዳደሮች ስለ ነበሩ ደመወዛቸውና የአገልግሎታቸው ሁኔታ አንድ ዓይነት አልነበረም። በ1957 የኬንያ ብሔራዊ የመምህራን ማኅበር በተቋቋመ ጊዜ ከዋና ጥያቄዎቹ አንዱ ለመምህራን ሁሉ አንድ አሠሪ እንዲኖር ነበር። ይህም ጥያቄ ከብዙ ክርክር በኋላ በ1967 የመምህራን አገልግሎት ኮሚሽን በሕግ ሲቋቋም ተፈጸመ። በዚሁ ዘመን ሀገሪቱ የሥራ ክርክርን በሥርዐት ለመጨረስ መንገድ አበጅታ ነበር። በ1962 ቶም ምቦያ የሥራ ሚኒስትር ሳሉ መንግሥት፥ አሠሪዎችና የሠራተኛ ማኅበራት በአንድ ቻርተር ተስማሙ፤ ሐሳቡም አድማ ወይም የሥራ ቦታ መዝጋት ከመምጣቱ በፊት ውይይትና ግልግል ይቅደም የሚል ነበር። በ1964ም የኢንዱስትሪ ፍርድ ቤት ተቋቋመ።

የሆነ ሆኖ የመንገዱ መኖር ብቻ አልበቃም። በ1997 የምርጫ ዘመን መምህራኑ ሥራ ባቆሙ ጊዜ መንግሥት ደመወዛቸው በአምስት ዓመት ውስጥ ከመቶ 150 እስከ 200 እንዲጨምር ተስማማ። የመጀመሪያውን ክፍል ከከፈለ በኋላ ግን ገንዘቡ አይበቃም ብሎ የቀረውን አቆመ። በ1998 መምህራኑ ዳግመኛ ሥራ ቢያቆሙም የተሰጠው ቃል አልተፈጸመም። ውሉ ተጽፎ ነበር፤ ነገር ግን የክፍያው ገንዘብ ከየት እንደሚመጣ አስቀድሞ አልተረጋገጠም።

በ2010 የወጣው ሕገ መንግሥት ለሠራተኛ ሁሉ የመደራጀትንና በኅብረት የመደራደርን መብት አጸና፤ የሥራ ክርክርንም የሚያይ ከከፍተኛው ፍርድ ቤት ጋር እኩል ማዕርግ ያለው ፍርድ ቤት እንዲኖር አዘዘ። ደግሞም ስለ መንግሥት ሠራተኞች ደመወዝ ምክር የሚሰጥ ሌላ ኮሚሽን አቆመ። እነዚህ ሁለት አካላት በመምህራኑ ጉዳይ ተጋጩ። በሰኔ 2015 የሥራ ክርክር ፍርድ ቤት ዳኛ ንዱማ ንዴሪ የመምህራን ደመወዝ በአራት ዓመት ውስጥ ከመቶ 50 እስከ 60 እንዲጨምር ወሰኑ። መንግሥት መክፈል አልችልም አለ፤ በመስከረምም መምህራኑ ሥራ አቆሙ፤ ትምህርት ቤቶችም ተዘጉ። በዚያው ወር መጨረሻ ሌላ ዳኛ አድማው ለ90 ቀን እንዲቆም አዘዙ። በኅዳር ደግሞ የይግባኝ ፍርድ ቤት የጭማሪውን ውሳኔ ሻረ፤ ከምክንያቶቹም አንዱ የደመወዝ ኮሚሽኑ ምክር ሳይጠበቅ መወሰኑ ነበር። መምህሩ በሰኔ የረታውን በኅዳር ተረታ፤ ተማሪው ያጣውን የትምህርት ሳምንት ግን ማንም ሊመልስለት አልቻለም።

በጥቅምት 2016 ሁለቱ ወገኖች እንደገና ተቀምጠው በአራት ዓመት የሚፈጸም የ54 ቢሊዮን ሽልንግ የኅብረት ስምምነት ፈረሙ፤ ከ2017 አጋማሽም ጀምሮ በሥራ ላይ ዋለ። በዚህ ጊዜ ድርድሩ የተመራው የደመወዝ ኮሚሽኑን የሥራ ምዘናና ምክር ይዞ ነው። ስምምነቱ መምህራኑ በፍርድ አግኝተውት ከነበረው ያነሰ ነበር፤ ነገር ግን ቃል ብቻ ሆኖ አልቀረም።

በኢትዮጵያም የዚህ ነገር ሌላ ገጽ ታይቷል። በ1954 ዓ.ም. የወጣው ድንጋጌና በ1956 ዓ.ም. የተከተለው አዋጅ ቁጥር 210 የአሠሪና የሠራተኛን ክርክር የሚያይ ቦርድ አቆሙ፤ የመንግሥት ሠራተኛ ግን ከዚህ ሥርዐት ውጭ ሆነ። በየካቲት 1966 ዓ.ም. መምህራን በትምህርት ዘርፍ ጥናቱና በደመወዛቸው ምክንያት ሥራ ባቆሙ ጊዜ በእነርሱና በመንግሥት መካከል በሕግ የተቀመጠ ገላጋይ አልነበረም። ጥያቄያቸው በጉባኤ ሳይሆን በአደባባይ ተሰማ፤ የጥናቱም ሥራ ላይ መዋል እንዲዘገይ ተደረገ።

በአውሮፓ አቆጣጠር ጥቅምት 5 ቀን 1966 በፓሪስ የጸደቀው የመምህራንን ደረጃ የሚመለከት ምክረ ሐሳብ በመምህራንና በአሠሪዎቻቸው መካከል ለሚነሣ ክርክር የጋራ መፍቻ አካል እንዲቋቋም፥ መንገዱ ሁሉ ተሞክሮ ካልሆነም የመምህራን ማኅበራት እንደ ሌሎች ማኅበራት ጥቅማቸውን ለማስከበር እንዲችሉ ይመክራል። የዓለም የመምህራን ቀን የሚከበረውም በዚሁ ዕለት ነው።

ከሁለቱ ሀገሮች ታሪክ አንድ ነገር ይገኛል። ገላጋይ ከሌለ ክርክሩ ወደ አደባባይ ይወጣል፤ ገላጋይ ኖሮ ዋስ ከሌለ ደግሞ ፍርዱ ወረቀት ሆኖ ይቀራል። የመንግሥት ሠራተኛ ክርክር ዋሱ ግምጃ ቤቱ ነው። ስለዚህ የገንዘቡን ልክ የሚወስነው ባለ ሥልጣን ከፍርዱ በኋላ እንቢ ለማለት ሳይሆን ከፍርዱ በፊት ሒሳቡን ገልጦ ለማስረዳት በሸንጎው ሊቀመጥ ይገባዋል። ማኅበሩም ሒሳቡን መርምሮ ለመከራከር የሚችሉ ሰዎችን ማዘጋጀት አለበት። ሁለቱም ወገኖች ይህን አስቀድመው ቢያደርጉ መምህሩ የተፈረደለትን ሳያጣ፥ ተማሪውም ከትምህርቱ ሳይለይ ይኖራል።