የምሳ ታሪክ፦ ከአዋሽ ጣቢያ እስከ ባቱ ዳርቻ

የከተሞቻችንን ታሪክ የጻፉ ሊቃውንት ስለ ቤተ መንግሥት፣ ስለ ጦር ሜዳና ስለ አድባራት ብዙ ነግረውናል። ሰው በቀትር ምን ይበላ እንደነበረ፣ ከማንስ ጋር ይቆርስ እንደነበረ የነገሩን ግን ጥቂት ነው። እንደ አዳማ በመንገድ ላይ ለተወለደች ከተማ ይህ ዝምታ ቀላል ጉድለት አይደለም። መንገደኛ ከተማን የሚያውቃት በምሳዋ ነውና።

የባቡሩን ሐዲድ መዘርጋት ከጅቡቲ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1897 ነበር። በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ ደረሰ። መንገዱ 780 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በመጀመሪያዎቹ ዘመናት ባቡሩ በሌሊት ስለማይጓዝ ጉዞው ሦስት ቀን ይፈጅ ነበር፤ ተሳፋሪው አንዱን ሌሊት በድሬዳዋ፣ ሌላውን በአዋሽ ያሳልፋል። የአዋሹ ጣቢያ «ቡፌ ደ አዋሽ» ስሙ የገነነው በዚህ የተነሣ ነው። ቋንቋችንም ከባቡሩ ድርሻውን ወስዷል። «ለገሃር» የምንለው ፈረንሳዮች ጣቢያን «ላ ጋር» ስለሚሉ ነው። «ቡፌ»ም ከጣቢያ ወርዶ ሳሎናችን ገብቷል፤ ብርጭቆ የምንደረድርበት ቁም ሣጥን ቡፌ ነው፤ በሠርግ ቤት ተሰልፈን የምናነሣውም ምግብ ቡፌ ነው።

እ.ኤ.አ. ከ1936 እስከ 1941 የቆየው የጣሊያን ወረራ ደግሞ የራሱን ቃላት ጥሎልን አለፈ፦ ፓስታ፣ ማካሮኒ፣ ስልስ፣ ማኪያቶ። በአዳማ ምሳ ቤቶች ፓስታን በእንጀራ ጠቅልሎ የሚጎርስ ሰው ባየሁ ቁጥር ወራሪው ሄዶ ምግቡ ብቻ እንዴት እንደ ተማረከ አስባለሁ። ድል የሚነገረው በነጋሪት ብቻ አይደለም፤ በእንጀራም ይነገራል።

የዚሁ ጦርነት ሌላ ርዝራዥ ቆቃ ላይ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1947 የተፈረመው የፓሪስ የሰላም ውል ጣሊያን ለኢትዮጵያ 25 ሚሊዮን ዶላር ካሳ እንድትከፍል ወሰነ። በ1960 የተጠናቀቀው የቆቃ ግድብም የተሠራው ከጦር ካሳው በተገኘ ገንዘብ ነው። ሐይቁን የፈጠረው ግድቡ ነው። እንግዲህ በቆቃ መንገድ ዳር ተጠብሶ፣ በሎሚና በሚጥሚጣ የሚቀርብልን ቆሮሶ የሚዋኘው በጦር ካሳ ውኃ ውስጥ ነው ማለት ነው። ይህን እያወቀ የሚበላ ሰው አጥንቱን ቀስ ብሎ ይለቅማል።

ስለ ዓሣ ካነሣሁ አይቀር፣ አዳማና የስምጥ ሸለቆ ከተሞች በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ። በሀገራችን የክርስቲያኑና የሙስሊሙ ሥጋ ቤት ለየብቻ ነው፤ ቢላዋው ይለያየናል። ዓሣ ግን አይታረድም። ስለዚህ የዓሣ ቤት ማዕድ የጋራ ማዕድ ነው። ለባንክ ሠራተኛ የተሰጠችው የምሳ ሰዓት አጭር ብትሆንም፣ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ከአንድ ትሪ ለመብላት ማንም ማንንም ይቅርታ የማይጠይቅበት ቤት የዓሣ ቤት መሆኑን በዓመታት ተረድቻለሁ። የጾም በየዓይነቱም እንዲሁ ነው፤ ሽሮው፣ ምስሩና ጎመኑ ሃይማኖት አይለይም። በረቡዕና በዓርብ «ዓሣ ይጾማል ወይስ አይጾምም?» የሚለው ክርክር ቢነሣም ክርክሩ ራሱ የሚካሄደው በአንድ ገበታ ዙሪያ ነው።

ወደ ደቡብ ሲዘለቅ የመንገዱን ምሳ ያደራጀው ስም በቀለ ሞላ ነው። በዝዋይ፣ በላንጋኖ፣ በሻሸመኔና በአርባ ምንጭ በስማቸው የተከፈቱት ሆቴሎች ለብዙ ትውልድ የርቀት መለኪያ ሆነው አገልግለዋል። «ምሳ በቀለ ሞላ» ማለት ቦታም ሰዓትም መናገር ነበር። ባቡሩ ለአዋሽ ያደረገውን መኪናው ለነዝዋይ አደረገ። ዝዋይ ዛሬ ባቱ ትባላለች፤ ናዝሬትም እ.ኤ.አ. በ2000 የቀድሞ ስሟን አዳማን መልሳ ወስዳለች። ስሞች ሲለዋወጡ የሐይቁ ዓሣ ግን በዳርቻው መቀቀሉንና መጠበሱን አልተወም።

ከምሳ በኋላ ሻይ ይቀርባል፤ በሻይ ውስጥም ስኳር አለ። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በሆላንዱ ኩባንያ በኤች.ቪ.ኤ. አማካይነት ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1954 ነው። በኋላ የስኳር እርሻው ወደ መተሐራ ሲሰፋ፣ በ1966 የተቋቋመው የአዋሽ ፓርክም ሲከለል፣ ከብቱንና ግመሉን በአዋሽ ዳር ያሰማራ የነበረው የከረዩ ኦሮሞ የግጦሽ መሬቱንና ወደ ወንዙ መውረጃውን አጣ። ይህን የምጽፈው የማንንም ሻይ ለማምረር አይደለም። የምሳ ታሪክ ሲጻፍ የበላው ብቻ ሳይሆን የተራበውም መጻፍ ስላለበት ነው።

ዛሬ ደግሞ ሌላ መንገድ መጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2014 የተከፈተው 85 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው የአዲስ አበባ–አዳማ ፈጣን መንገድ ቢሾፍቱንና ሞጆን ሳይነካ ያልፋል። ከሞጆ ወደ ባቱ የሚወስደውም እንደዚያው ቆቃን፣ ዓለም ጤናንና መቂን በጎን ይተዋል። በ2018 መደበኛ ሥራ የጀመረው አዲሱ ባቡርም የሚቆመው በአሮጌዎቹ ጣቢያዎች አይደለም። መንገዱ ሰዓት ቆጥቦልናል፤ ሕይወትም ሳያተርፍ አልቀረም፤ ይህን መካድ ግፍ ነው። ነገር ግን መንገደኛን ተማምና ምድጃዋን የምታነድ ሴት በአጥር ማዶ የሚያልፈውን መኪና ጠርታ ማቆም አትችልም። ባቡሩ ሲቆም የጣቢያው ገበያ እንደቀዘቀዘ ሁሉ፣ መኪናው ሳይቆም ሲያልፍም የመንገድ ዳር ምድጃ ይቀዘቅዛል።

ስለዚህ፣ ውድ አንባቢ ሆይ፣ የማይቸኩሉበት ቀን ሲገጥምዎ አሮጌውን መንገድ ይያዙ። በሞጆ ሥጋ ቤት ጎራ ይበሉ፤ በቆቃ ዓሣ ይቅመሱ፤ በአዳማ በአሮጌው ለገሃር አካባቢ በየዓይነቱን ይዘዙ፤ በባቱ ከሐይቁ ዳር ተቀምጠው ወፎቹን ይመልከቱ። ሲጨርሱም ለአብሳይዋ «እጅዎ ይባረክ» ማለትን አይርሱ። የእነዚህ ከተሞች ታሪክ እስካሁን የቆየው በእንዲህ ያሉ እጆች ነውና።