ዋስና ውሰት፤ የመንዝ፣ የግሼና የመርሐቤቴ አንባቢ ታሪክ

በሰሜን ሸዋ ደጋማ አገሮች፣ በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ፣ መጽሐፍ እንግዳ ነገር አይደለም። እንግዳው ነገር መጽሐፍን አውሶ አንባቢው ወደ ቤቱ እንዲወስደው መፍቀድ ነው።

የብራና መጽሐፍ በማኅደሩ ተከቶ በቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት ይሰቀላል። በመጀመሪያው ወይም በመጨረሻው ቅጠል ላይም መጽሐፉን የሰረቀ ወይም ጽሑፉን የፋቀ ውጉዝ እንዲሆን የሚያስጠነቅቅ ቃል ይጻፍበታል። ይህን ንፍገት ነው ማለት ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ለአንድ ዳዊት የብዙ ፍየል ወይም በግ ቆዳ ተፍቆ መለስለስ፣ ቀለም መበጥበጥ፣ የጸሐፊውም የረጅም ጊዜ ድካም ያስፈልግ ስለ ነበር፣ የጠፋው በቀላሉ አይተካም። የቆሎ ተማሪውም ትምህርቱን በቃሉ ይዞ ይሄድ ነበር እንጂ መጽሐፉን ተሸክሞ አይሄድም። ቋንቋው ራሱ ይህን ጥንቃቄ መዝግቦታል፤ «ዋስ» እና «መዋስ» አንድ ሥር ያላቸው ቃላት ናቸውና።

እ.ኤ.አ. በ1973 በተጀመረው የማይክሮፊልም ሥራ ከ9,000 በላይ የኢትዮጵያ ብራናዎች ፎቶግራፍ ተነሥተዋል፤ ከእነዚህም መካከል ከሸዋ አብያተ ክርስቲያናት የተገኙት ብዙ ናቸው። የመንዝ ብራና ምስል በአሜሪካ በሚኒሶታ ግዛት ይነበባል፤ ብራናው ባለበት አጥቢያ የሚኖር ልጅ ግን አንዱን ገጽ እንኳ ገልጦ አያውቅ ይሆናል።

ገጹን ያልገለጠው ልጅ ግን ሥዕሉን ያውቀዋል። ደብረ ብርሃንን የቆረቆሩት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (እ.ኤ.አ. 1434–1468) ተአምረ ማርያም በቤተ ክርስቲያን እንዲነበብ ካዘዙ በኋላ፣ የዚህ መጽሐፍ ቅጂዎች እየበዙ ሄዱ። ሥዕል ባላቸው ቅጂዎች አንዱ ታሪክ በተከታታይ ሥዕሎች ይከፈላል፤ በየሥዕሉም አጠገብ የሚሆነውን የሚናገር አጭር ጽሑፍ ይቀመጣል። በ20ኛው ምዕተ ዓመትም የአዲስ አበባ ሠዓልያን የንግሥተ ሳባን ታሪክ በ44 ትንንሽ ሥዕሎች ከፍለው፣ መግለጫ እየጻፉ በሸራ ላይ ይሥሉ ነበር። ዛሬ ኮሚክ የሚባለው የሥዕል ትረካ አሠራር ከዚህ እምብዛም አይርቅም። በመሆኑም እ.ኤ.አ. በ2018 በስራት ደበበ «ጀምበር» የተባለውን የጀግና ታሪክ በአማርኛና በእንግሊዝኛ በኮሚክ መልክ ሲያቀርብ፣ ለሐበሻ ዐይን ፈጽሞ ባዕድ የሆነ ነገር አላመጣም። ኮሚክን የሰነፍ ተማሪ መጫወቻ አድርጎ የሚነጥቅ መምህር ይህን ታሪክ ቢያጤነው መልካም ነው።

የሕዝብ ንባብ ቤት ወደ ገጠር የዘለቀው ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. በተጀመረው የብሔራዊ መሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ዘመቻው እ.ኤ.አ. በ1980 በዩኔስኮ በኩል የሚሰጠውን ዓለም አቀፍ የማንበብና መጻፍ ሽልማት አስገኝቷል፤ ሽልማቱም የሚገባው ነበር። በ1987 ዓ.ም. በተካሄደው ቆጠራ ግን በአገሪቱ ማንበብና መጻፍ የሚችለው ከአራት ሰው አንድ ያህል ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ በዘመቻው መጨረሻ ዓመታት ሲነገር ከነበረው ቁጥር እጅግ ያነሰ ነው። ልዩነቱ በከፊል ከሪፖርት ግነት መጥቶ ሊሆን ይችላል። የቀረው ግን ፊደል ቆጥሮ የሚያነበው ያጣ ሰው መልሶ በመርሳቱ የመጣ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም።

ለመሆኑ የመንዝ ገበሬ መቼ ያነባል? በበልግ ገብስ የሚተዳደረው አካባቢ ሰኔና ሐምሌ አጨዳ ላይ ነው፤ የክረምቱ ትምህርት የሚጀመረውም ያን ጊዜ ነበር። ቀን በእርሻና በበግ ጥበቃ ያልፋል። ፋታ የሚገኘው ከመሸ በኋላ፣ ባና ተከናንቦ ከእሳት ዳር ሲቀመጡ ነው፤ በዚያ ሰዓት ደግሞ ንባብ ቤቱ ሩቅ ነው። የዘመኑ ትልቅ አሳታሚ ድርጅት «ኩራዝ» መባሉ እዚህ ላይ ትዝ ይላል፤ ኩራዙ ያለው በቤት፣ መጽሐፉ ያለው በቢሮ ነበርና።

መጽሐፍ ወደ አንባቢው ሲሄድ ምን እንደሚሆን ያሳየ ሙከራ በአገር ውስጥ አለ። በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የልጆች ክፍል ይሠሩ የነበሩት አቶ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ እ.ኤ.አ. በ2003 በአዲስ አበባ ሾላ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ፤ ጥቂት ቆይቶም በሐዋሳ መጽሐፍ በአህያ ጋሪ ወደ ልጆች መሄድ ጀመረ። በጀማና በወንጪት ሸለቆዎች መካከል ለምትገኘው መርሐቤቴ ጋሪው ባያመች፣ ጭነቱ ያመቻል።

የሚያግደው መንገዱ ብቻ አይደለም። መጽሐፍ በቋሚ ንብረትነት በተመዘገበበት ትምህርት ቤት፣ የጠፋው ዋጋ ከደመወዜ ይቆረጣል ብሎ የሚሰጋ ጠባቂ ቁም ሣጥኑን መቆለፉ አያስደንቅም። የጥንቱ ውግዘት በንብረት መዝገብ ተተካ እንጂ አልቀረም። ነገር ግን ማተሚያ ቤት ባለበት ዘመን የአንድ ቅጂ መጥፋት የብራና መጥፋት አይደለም። ለተዋሹ ልጅ ወላጁ ወይም የመንደሩ ዕድር ዋስ ቢሆን፣ ለጠፋውም መተኪያ በበጀት አስቀድሞ ቢያዝ፣ ጠባቂው ቁልፉን ይፈታል። ጥቂት ገጽ ያለውና በብዙ እጅ ሲዞር የሚቀደደው ኮሚክ ደግሞ ከቋሚ ዕቃ መዝገብ ወጥቶ፣ ከጠመኔ ጋር በአላቂ ዕቃ ቢመዘገብ ይሻላል።