የቤት ውስጥ ውሃ ማሞቂያ፦ ከመግዛት በፊት መታወቅ ያለበት ወጪና ቅድመ ዝግጅት

በደጋማ አካባቢዎች በኅዳርና በታኅሣሥ የሚወርደው ውርጭ ማለዳ ከቧንቧ የሚቀዳውን ውሃ ለእጅ እንኳ የሚያስቸግር ያደርገዋል። በደብረ ብርሃን፣ በደሴ፣ በደብረ ታቦርና መሰል ከተሞች አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ስለ ውሃ ማሞቂያ ሳያስብ አያልፍም። በገጠርም ቢሆን አራስ ያለችበት ቤትና የወተት ዕቃ በየቀኑ የሚያጥብ አርቢ ሙቅ ውሃ ያስፈልጋቸዋል።

ይሁን እንጂ ብዙ ሰው ገበያ ወጥቶ የሚጠይቀው የዕቃውን ዋጋ ብቻ ነው። ሽቦው፣ ቧንቧው፣ ግድግዳው እና ወርኃዊ የመብራት ክፍያው የሚታሰቡት ዕቃው ቤት ከገባ በኋላ ነው። ጉድለቱ ገንዘብ ከማባከን አልፎ የሰው ሕይወት የሚያስከፍልበት ጊዜም አለ።

ሦስቱ የማሞቂያ ዓይነቶች

የመጀመሪያው በተለምዶ ቦይለር የሚባለው፣ ውሃ አጠራቅሞ የሚያሞቅ የኤሌክትሪክ በርሜል ነው። ለቤት የሚሸጡት በአብዛኛው ከ30 እስከ 100 ሊትር የሚይዙ ሲሆኑ ኃይላቸው ከ1,500 እስከ 2,000 ዋት ነው።

ሁለተኛው ውሃው በሚፈስበት ቅጽበት የሚያሞቀው የሻወር ማሞቂያ ነው። መጠኑ አነስተኛ፣ የመግዣ ዋጋውም ዝቅተኛ ነው። ኃይል አወሳሰዱ ግን ከፍተኛ ሲሆን ብዙዎቹ እስከ 5,500 ዋት ይደርሳሉ።

ሦስተኛው በፀሐይ የሚሠራው ነው። የመነሻ ወጪው ከሁለቱ ይበልጣል፤ ከተተከለ በኋላ ግን የሚጠይቀው ወርኃዊ ክፍያ ጥቂት ነው፣ ወይም የለም። የመብራት መስመር ላልደረሰበት የገጠር ቤትም ያገለግላል።

ወርኃዊ ወጪው እንዴት ይሰላል?

50 ሊትር ውሃን ከ15 ዲግሪ ሴልሺየስ ወደ 60 ዲግሪ ለማድረስ 2.6 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ያስፈልጋል። 1,500 ዋት ያለው ቦይለር ይህን በ1 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ያህል ይፈጽማል። በየቀኑ አንድ ጊዜ የሚያሞቅ ቤተሰብ በወር 78 ኪሎዋት ሰዓት ይጠቀማል ማለት ነው። ለምሳሌ የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ 4 ብር ቢሆን ወርኃዊ ወጪው 312 ብር ይሆናል። አንባቢ የራሱን ለማወቅ በመብራት ደረሰኙ ላይ ያለውን ዋጋ በ78 ማባዛት ይበቃዋል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች መዘንጋት የለባቸውም። አንደኛ፣ የመኖሪያ ቤት የኤሌክትሪክ ታሪፍ በእርከን የተከፈለ በመሆኑ ፍጆታ ሲጨምር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ይጨምራል። ከ2017 ዓ.ም. መስከረም ጀምሮም ታሪፉ በየሦስት ወሩ እየተስተካከለ ነው። ስለዚህ ስሌቱ በቅርቡ ደረሰኝ መሠራት አለበት። ሁለተኛ፣ ቀንና ሌሊት ሳይጠፋ የሚቆይ ቦይለር ማንም ሳይታጠብበት እንኳ በቀን እስከ አንድ ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ሊያባክን ይችላል። ከመታጠብ ሁለት ሰዓት ቀደም ብሎ ማብራትና ሲጨርሱ ማጥፋት ይህን ያስቀራል።

የሻወር ማሞቂያው በደቂቃ 3 ሊትር ገደማ ከ15 ወደ 40 ዲግሪ ያሞቃል። አንድ ሰው 8 ደቂቃ ቢታጠብ የሚወስደው 0.7 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ነው። ውሃ ለማሞቅ የሚያስፈልገው ኃይል በየትኛውም መሣሪያ ያው በመሆኑ፣ በሁለቱ መካከል ያለው የወጪ ልዩነት የሚመጣው በዋናነት ከሽቦው እና ሳይታጠቡ ከሚባክነው ሙቀት ነው።

ለማነጻጸር ያህል፣ 20 ሊትር ውሃ በሦስት ጉልቻ ላይ ለብ ለማድረግ አንድ ኪሎ ተኩል ገደማ ደረቅ ማገዶ ይነዳል። ማገዶ ገዝቶ የሚጠቀም ቤት ይህን ከደረሰኙ ጋር ሊያስተያየው ይገባል።

የኤሌክትሪክ መስመሩ

1,500 ዋት ያለው ቦይለር በ220 ቮልት 7 አምፔር ያህል ይስባል። 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ የመዳብ ሽቦ እና የራሱ 16 አምፔር ብሬከር ይበቃዋል። 5,500 ዋት ያለው የሻወር ማሞቂያ ግን 25 አምፔር ስለሚስብ ከቆጣሪው ሳጥን በቀጥታ የሚመጣ 6 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦና 32 አምፔር ብሬከር ያሻዋል። ከተራ ሶኬት ወይም ከአምፖል መስመር ላይ መቀጠል ሽቦውን አግሎ ለእሳት አደጋ ይዳርጋል።

የእንጀራ ምጣዱም መቆጠር አለበት። 3,500 ዋት የሚወስድ ምጣድ ከሻወር ማሞቂያው ጋር በአንድ ጊዜ ቢበራ ድምሩ 9,000 ዋት፣ ማለትም 41 አምፔር ገደማ ይሆናል። ቆጣሪው ይህን መሸከሙ ካልተረጋገጠ በቅድሚያ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎትን ማማከር፣ አለበለዚያም ሁለቱን በተለያየ ሰዓት መጠቀም ይገባል።

ከሁሉ በላይ የመሬት ሽቦ የሌለው ማሞቂያ ፈጽሞ መብራት የለበትም። ማሞቂያው ውስጡ ሲበላሽ ኤሌክትሪክ በውሃውና በብረቱ በኩል ወደሚታጠበው ሰው ያልፋል። የመሬት ሽቦው እና ጅረት ሲያፈተልክ ወዲያው የሚቆርጠው ባለ 30 ሚሊ አምፔር ማቋረጫ ሕይወት የሚያድኑት በዚህ ጊዜ ነው። ማብሪያ ማጥፊያው ከመታጠቢያ ክፍሉ ውጭ ይሁን።

ውሃውና ግድግዳው

50 ሊትር የሚይዝ ቦይለር ሲሞላ ከራሱ ክብደት ጋር ከ65 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናል። የጭቃ ግድግዳ ይህን ስለማይሸከም በብሎኬት፣ በድንጋይ ወይም በኮንክሪት ላይ መታሰር፣ ካልሆነም የብረት መቆሚያ ሊሠራለት ይገባል።

ለሙቅ ውሃ የሚሆነው ፒፒአር ወይም የብረት ቧንቧ ነው። ተራው ፒቪሲ በሙቀት ይለሰልሳል። ቦይለሩ ለመታጠቢያው በቀረበ ቁጥር ወጪው ይቀንሳል፤ 15 ሜትር የሚረዝም ባለ ግማሽ ኢንች ቧንቧ ሙቁ ውሃ ከመድረሱ በፊት ሁለት ሊትር ገደማ ቀዝቃዛ ውሃ ያስደፋል።

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ከፍ ብሎ የተቀመጠ ሮቶ የግድ ያስፈልጋል። ቦይለሩ ሙሉ በሙሉ መሞላቱ የሚታወቀው የሙቅ ውሃው ቧንቧ ሲከፈት ያለ ማቋረጥ ሲፈስ ነው። ከዚያ በፊት ማብራት ማሞቂያውን ያቃጥለዋል።

በቀዝቃዛው መግቢያ ላይ የሚገጠመው ሴፍቲ ቫልቭ ሲሞቅ ጠብ ጠብ ማለቱ ብልሽት አይደለም። 50 ሊትር ውሃ ሲሞቅ 0.8 ሊትር ያህል ስለሚሰፋ ትርፉ የሚወጣው በዚያ ነው። ጠብታውን ለማስቆም ቫልቩን መድፈን በርሜሉን ሊያፈነዳው ይችላል።

በፀሐይ ለሚጠቀሙ

ኢትዮጵያ ውስጥ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ በቀን በአማካይ ከ5 እስከ 6 ኪሎዋት ሰዓት የሚደርስ የፀሐይ ኃይል ያርፋል። ግማሹ እንኳ ቢያዝ ሁለት ካሬ ሜትር የሆነ ሰብሳቢ 100 ሊትር ውሃን በ45 ዲግሪ ያህል ከፍ ያደርጋል። ሰብሳቢው ፊቱን ወደ ደቡብ አዙሮ ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ዘንበል ቢል ይመረጣል። ውርጭ በሚበዛበት አካባቢ የቫኪዩም ቱቦ ያለው ዓይነት ከዝርግ ሰብሳቢው ይሻላል፤ በዝርጉ ውስጥ የሚረጋ ውሃ ቱቦውን ሊሰነጥቅ ይችላልና። 200 ሊትር የሚይዘው ታንከር ብቻውን ከ200 ኪሎ ግራም በላይ ስለሚመዝን የቆርቆሮ ጣሪያ አይችለውም፤ ከመሬት የተነሣ መቆሚያ ይሠራለት። በሐምሌና በነሐሴ ደመና ስለሚበዛ ተጨማሪ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ያለው ቢሆን መልካም ነው።

ከመክፈል በፊት

የብቃት ማረጋገጫ ያላቸውን ቢያንስ ሦስት ባለሙያዎች ቤቱን አሳይቶ ዋጋ በጽሑፍ መቀበል ተገቢ ነው። በዝርዝሩ ውስጥ ማሞቂያው፣ የሽቦው ውፍረትና ርዝመት፣ ብሬከሩ፣ የመሬት ሽቦው፣ ቧንቧና መገጣጠሚያው፣ ሴፍቲ ቫልቩ፣ መቆሚያው እና የእጅ ዋጋው ለየብቻ መጻፍ አለባቸው። የመሬት ሽቦን ዘሎ የቀረበ ዝቅተኛ ዋጋ ርካሽ ተብሎ ሊወሰድ አይገባም።

ከተገጠመ በኋላም በርሜሉን ከዝገት የሚጠብቀውን የማግኒዚየም ዘንግ በዓመት አንድ ጊዜ ማስፈተሽና ነጩን የኖራ ዝቃጭ ማስጠረግ ዕድሜውን ያረዝማል። ሙቀቱ 60 ዲግሪ ላይ ቢሆን ጎጂ ተህዋስያንን ይከላከላል፤ ሆኖም በዚህ ሙቀት ያለ ውሃ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ቆዳን ያቃጥላል። ሕፃናትና አረጋውያን ባሉበት ቤት ቀዝቃዛው ቀድሞ ይከፈት፤ ሙቁ ከዚያ በኋላ ይቀላቀልበት።